ፍቁረ እግዚእ የሚለው ስምና ራስን ማወቅ

ራስን ማወቅ የመንፈሳዊ ሕይወት መጀመሪያ መሆኑን አባቶቻችን ሁሉ አስተምረውናል። ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ በደለ፣ ወዴትም እንደሚሄድ ሳያውቅ ቢጾም ጾሙ ረኀብ ብቻ፣ ቢሰግድም ስግደቱ ድካም ብቻ ይሆንበታል። ይሁን እንጂ ይህ ራስን ማወቅ ሁለት ገጽ ያለው መሆኑ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። አንደኛው ገጽ ሰው ኀጢአተኛ፣ ደካማና ሟች መሆኑን ማወቁ ነው። ሁለተኛው ገጽ ያው ኀጢአተኛ፣ ያው ደካማና ሟች በእግዚአብሔር ዘንድ የተወደደ መሆኑን ማወቁ ነው። ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን የጣለ ሰው መጨረሻው ትዕቢት ነው፤ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን የጣለም መጨረሻው ቀቢጸ ተስፋ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ምን ያህል አስፈሪ እንደ ሆነ ከይሁዳ እንረዳለን። ማቴዎስ በምዕራፍ 27 እንደ ጻፈው ይሁዳ በደሉን ዐወቀ፤ ንጹሕ ደም አሳልፎ መስጠቱን በካህናቱ ፊት ተናገረ፤ የተቀበለውንም 30 ብር መለሰ። እንግዲህ ጸጸት አልጐደለውም፤ መናዘዝም አልጐደለውም፤ የወሰደውን መመለስም አልጐደለውም። ጴጥሮስም በዚያችው ሌሊት ጌታውን 3 ጊዜ ክዶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ሁለቱም ኀጢአታቸውን ዐወቁ፤ ነገር ግን አንዱ ወደ ገመድ ሄደ፣ ሁለተኛው በወንድሞቹ መካከል ቈየ። ይሁዳ የጐደለው ያ የካደው ጌታ አሁንም እንደሚወደው ማወቅ ነው።

ከዚህ በታች የምንጽፈው በተለይ ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ገጽ ነው። በየአጥቢያው ኀጢአቱን ቈጥሮ የሚያውቅ፣ ደረቱን እየደቃ የሚያለቅስ ምእመን ሞልቷል። እግዚአብሔር እንደሚወደው በልቡ ያወቀ ግን ጥቂት ነው። ብዙው ነገሩን በስብከት ሰምቶ በአፉ ይመሰክረዋል፤ ለጸሎት ሲቆም ግን አባቱን እንደሚያነጋግር ልጅ መሆኑ ቀርቶ ፍርዱን እንደሚጠብቅ እስረኛ ይቆማል። ለዚህ ትምህርት መምህር የሚሆነን ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ ነው።

1ኛ/ ስለ ስሙ

ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 4 ቀን በዓሉን የምታከብርለት ዮሐንስ ብዙ ስም አለው። ወንጌልን ስለ ጻፈ ወንጌላዊ፣ የቃልን ቀዳማዊነት ስለ ተናገረ ነባቤ መለኮት፣ በፍጥሞ ደሴት ምሥጢርን ስላየ ባለ ራእይ ይባላል። ጌታችንም እርሱንና ወንድሙን ያዕቆብን የነጐድጓድ ልጆች ብሎ እንደ ሰየማቸው ማርቆስ በምዕራፍ 3 ጽፎልናል። ዮሐንስ ግን ወንጌሉን ሲጽፍ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ለራሱ አልወሰደም። ስሙንም አልጻፈም። ስለ ራሱ መናገር ግድ በሆነበት ስፍራ ጌታ ይወደው የነበረ ደቀ መዝሙር እያለ ያልፋል። ይህንም 5 ጊዜ አደረገ፤ በምዕራፍ 13 በምሴተ ሐሙስ ማዕድ፣ በምዕራፍ 19 ከመስቀሉ እግር ሥር፣ በምዕራፍ 20 የመቃብሩ ወሬ በደረሰ ጊዜ፣ በምዕራፍ 21 ደግሞ በጥብርያዶስ ባሕር አጠገብ 2 ጊዜ። ሊቃውንቶቻችን ይህን በግእዝ ፍቁረ እግዚእ ብለው ጠሩት።

ምናልባት አንድ ሰው፦ ይህ ራስን ከሌሎች አስበልጦ መመካት አይደለምን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይደለም። ዮሐንስ ራሱን ጌታን የወደደ ደቀ መዝሙር ብሎ ቢጠራ ኖሮ የራሱን ሥራ በተናገረ ነበር። እርሱ ግን የተናገረው የወዳጁን ሥራ ነው። ንጉሥ ካባ ያለበሰው ድኻ በአደባባይ ካባውን ቢያሳይ የሚመሰገነው ያለበሰው ንጉሥ ነው። ደግሞም ሌሎቹ አልተወደዱም አላለም፤ እርሱው ራሱ የማዕዱን ታሪክ ሲጀምር ጌታችን ወገኖቹን ሁሉ እስከ መጨረሻ እንደ ወደዳቸው አስቀድሞ መስክሯል። ስለዚህ ፍቁር መባል የአንድ ሰው ርስት አይደለም። ዮሐንስ ለሁሉ የተሰጠውን ስም ዐውቆ ተጠራበት፤ ብዙዎቻችን ግን የተሰጠንን ስም ሳናውቀው እንኖራለን።

2ኛ/ የነጐድጓድ ልጅ ወደ ሰማርያ ስለ መመለሱ

ዮሐንስ ከመጀመሪያው የዋህ ሆኖ የተገኘ ሰው አልነበረም። ሉቃስ በምዕራፍ 9 እንደ ጻፈው አንዲት የሰማርያ መንደር ጌታችንን አልቀበልም ባለች ጊዜ ከወንድሙ ጋር ሆኖ እሳት ከሰማይ ወርዶ እንዲያጠፋቸው ፈቃድ የጠየቀ እርሱ ነው፤ ጌታችንም ገሠጻቸው። ማርቆስ በምዕራፍ 10 እንደ ጻፈውም በክብሩ ቀንና ግራ ለመቀመጥ የለመኑት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ይህ ሰው በጌታችን ደረት ላይ ከተጠጋ፣ በመስቀሉም ሥር ከቆመ በኋላ የሆነውን ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እናነባለን። ሰማርያ የእግዚአብሔርን ቃል መቀበሏ በኢየሩሳሌም በተሰማ ጊዜ ሐዋርያት ወደዚያ የላኩት ጴጥሮስንና ዮሐንስን ነበር። እሳት ይውረድባቸው ብሎ የነበረው ሰው አሁን እጁን ጭኖ መንፈስ ቅዱስ እንዲወርድላቸው ጸለየ። ይህን ለውጥ በእርሱ ያደረገው በጌታው ዘንድ መወደዱን ማወቁ ነው። ራሱን የተጠላ አድርጎ የሚያስብ ሰው ለሌላው የሚመኘው እሳት ነው፤ የተወደደ መሆኑን ያወቀ ግን የተቀበለውን ያካፍላል።

3ኛ/ መወደድን ከማወቅ ስለሚገኝ ፍሬ

ዮሐንስ ፍቁር ተብሎ በተጠራባቸው ስፍራዎች ምን እንዳደረገ ብናስተውል የዚህን ዕውቀት ፍሬ አንድ በአንድ እናገኘዋለን።

በማዕዱ ላይ ጌታችን ከመካከላቸው አንዱ አሳልፎ እንደሚሰጠው በተናገረ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ደነገጡ፤ ጴጥሮስም እንኳ ራሱ ሊጠይቅ አልደፈረም፤ ለዮሐንስ ጠቀሰው። ዮሐንስም በጌታችን ደረት ተጠግቶ ጠየቀ። የመጀመሪያው ፍሬ ይህ በጸሎት መድፈር ነው፤ የተወደደ ልጅ እጅግ የሚያስፈራውን ነገር እንኳ ለአባቱ ይነግረዋል።

በመስቀሉ ሥር ሌሎቹ ሲሸሹ እርሱ ከእመቤታችን ጋር ቆመ፤ አደራዋንም ተቀበለ። ሁለተኛው ፍሬ በመከራ ሰዓት መጽናት ነው። ፍርሀት ብቻ የያዘው አገልጋይ ጌታው በተያዘ ቀን ይሸሻል።

ወደ መቃብሩ በሮጡ ጊዜ ዮሐንስ ጴጥሮስን ቀድሞ ደረሰ፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ አልገባም፤ ቆሞ ጴጥሮስ አስቀድሞ እንዲገባ አደረገ። ሦስተኛው ፍሬ ለወንድም ስፍራ መልቀቅ ነው። ቀድሞ በቀኝና በግራ ለመቀመጥ የለመነው ሰው አሁን ቀድሞ ከደረሰበት ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ እናየዋለን። በጌታው ዘንድ ያለውን ስፍራ ያወቀ ሰው ከወንድሙ ጋር ስለ ወንበር አይሻማም።

በጥብርያዶስ ባሕር ደግሞ ታንኳይቱ ከምድር 200 ክንድ ያህል ርቃ ሳለች በዳር የቆመው ጌታችን መሆኑን ከሁሉ በፊት ለይቶ ለጴጥሮስ የነገረው ይህ ደቀ መዝሙር ነው። መረቡ በ153 ታላላቅ ዓሣዎች ተሞልቶ ሁሉም በሥራ ተጠምደው ነበር፤ የፍቁሩ ዐይን ግን ከዓሣው አልፎ የሰጠውን አየ። አራተኛው ፍሬ ይህ ነው፤ በዕለት ሥራ መካከል ጌታን ለይቶ ማወቅ።

4ኛ/ ቁጹረ ገጽ ስለ መባሉ

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ሰው እግዚአብሔር ይወደኛል ብሎ ካወቀ ንስሓን አይንቅምን? በጾምና በስግደትስ አይታክትምን? የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነን የራሱ የዮሐንስ ሌላ ስም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ፍቁረ እግዚእ ያለችውን ይህን ሐዋርያ ቁጹረ ገጽም ትለዋለች፤ ፊቱ በኀዘን የተቋጠረ ማለት ነው። የጌታችንን ሕማም በዐይኑ ስላየ ከዚያ በኋላ 70 ዘመን ፊቱ በሣቅ እንዳልተፈታ አባቶች ያስተምራሉ።

እንግዲህ ከሐዋርያት መካከል ይበልጥ መወደዱን ያወቀው ይበልጥ ያዘነውም ነው። ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉ፣ በትር ብቻ የሚፈራ አሽከር ጌታው ካላየው በደሉን ይረሳዋል፤ ደስም ይለዋል። የአባቱን ፍቅር የሚያውቅ ልጅ ግን ማንም ባያየው የአባቱን ልብ ማሳዘኑ ብቻ ያስለቅሰዋል። ስለዚህ እውነተኛ ንስሓ የሚወለደው ፍቅርን ከማወቅ ነው። መወደዱን ዐውቄአለሁ እያለ በኀጢአቱ የሚቀልድ ቢኖር ገና አላወቀም፤ የሰማውን ወሬ ነው የሚናገረው።

5ኛ/ አባቶች ስለ ሠሩት መንገድ

ይህን ዕውቀት ሰው በመመራመር ብቻ አያገኘውም፤ በጽሞና የሚቀበሉት ነገር ነው። ከአራቱ የትርጓሜ ጉባኤያት አንዱ በሆነው በመጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማለት በማር ይስሐቅ፣ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ የሚያስተምሩ ሊቃውንት የቅዱሳንን መዓርግ 10 አድርገው ይቈጥሩታል። በንጽሐ ሥጋ 3፣ በንጽሐ ነፍስ 4፣ በንጽሐ ልቡና 3 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጽማዌ፣ ልባዌ፣ ጣዕመ ዝማሬ ይባላሉ። ጽማዌ ከነገር መከልከል፣ ዝም ማለት ነው። ልባዌ ዝም ካሉ በኋላ ማስተዋል ነው። ጣዕመ ዝማሬ በአፍ የሚደገመው ጸሎት ለነፍስ መጣፈጡ ነው። ከእነዚህ ቀጥለው አንብዕ፣ ኵነኔ፣ ፍቅር፣ ሑሰት ይመጣሉ። የኋለኞቹ ሦስቱ የፍጹማን ስለ ሆኑ በዚህ ስፍራ አንናገራቸውም።

አንባቢ ይህን ተራ ልብ ይበል። አንብዕ፣ ማለት ዕንባ፣ 4ኛው መዓርግ ነው፤ ፍቅር 6ኛው ነው። ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት የሆነው ኵነኔ በመካከላቸው ነው። እንግዲህ ዕንባና ተጋድሎ የመንገዱ መድረሻ ሆነው አልተሠሩም፤ ወደ ፍቅር የሚያደርሱ ናቸው። ይህም ፍቅር ኃጥኡን ከጻድቁ፣ አማኒውን ከኢአማኒው ሳይለዩ ሁሉን አስተካክሎ መውደድ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። በዕንባው ላይ 20 ዓመት ቆሞ ወንድሙን ለመውደድ አንድ እርምጃ ያልተራመደ ሰው ቢኖር መንገዱን በመካከል አቋርጦታል ማለት ነው።

ደግሞም ዕንባ ከጣዕመ ዝማሬ በኋላ መምጣቱን እናስተውል። ነፍስ አስቀድማ የእግዚአብሔርን ቸርነት ቀመሰች፤ ከዚያ በኋላ አለቀሰች። ጌታችንም ለደቀ መዛሙርቱ ያስተማረው ጸሎት አቡነ ዘበሰማያት በዚሁ ተራ የሄደ ነው። አስቀድመን አባት ብለን እንጠራዋለን፤ የበደላችንን ይቅርታ የምንለምነው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅነቱን ያልያዘ ሰው ይቅርታን የሚለምነው ከማን እንደ ሆነ አያውቅም። 41 ጊዜ እግዚኦታ የሚያደርስ ምእመንም ቍጥሩን ከመጠበቁ ጋር የሚጠራው መሓሪ ጌታ ማን እንደ ሆነ በልቡ ይያዝ።

6ኛ/ በዓለም ለሚኖር ምእመን

ይህ ሁሉ ለመነኮሳት ብቻ ነው፤ ልጅ ለሚያሳድግ፣ ለሚነግድ፣ ለሚያርስ ሰው አይሆንም የሚል እንዳይኖር ከመዓርጋቱ የመጀመሪያዎቹ ለሁሉ የሚቻሉ መሆናቸውን እንናገራለን። ከ7ቱ የጸሎት ጊዜያት ሁሉን መፈጸም የማይችል ሰው የነግሁን ወይም የንዋሙን ጊዜ አጥብቆ ይያዝ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደጅን ዘግቶ መጸለይን አስተምሯል፤ በዘመናችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘጋው ደጅ የእጅ ስልክ ነው።

የዘወትር ጸሎቱን ካደረሰ በኋላ ፈጥኖ አይነሣ፤ ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጥ። በዚያን ጊዜ ስሜቱን አይመርምር፤ ስሜት እንደ ደመና ይመጣል፣ ይሄዳል። የእግዚአብሔርን ሥራ በተራ ያስብ። ሳይኖር ፈጠረው፤ ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ በጥምቀት ልጅ አደረገው፤ ስለ እርሱ ተሰቀለ፤ እስከዚህች ሰዓትም ጠበቀው። ሲጠመቅ ሕፃኑ አንድ ጾም አልጾመም፤ አንድ ስግደት አልሰገደም፤ ልጅ የተባለው ተወዶ ነው። ቅዱስ ዮሐንስም በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በምዕራፍ 4 ያስረዳን ይህን ነው፤ ፍቅር የጀመረው ከእኛ ሳይሆን አስቀድሞ ከወደደን ከእርሱ ነው። ይህን ካሰበ በኋላ የዕለቱን በደል በዚያው ፊት ያቅርብ። በመጨረሻም ያስቀየመውን አንድ ሰው በስሙ ጠርቶ ይጸልይለት፤ ይህን ሳያደርግ አይነሣ።

አንዳንድ ቀን ልብ ደርቆ ምንም ያልተሰማው እንደ ሆነ አይደንግጥ። በ7ኛው መቶ ዓመት በነነዌ ኤጲስ ቆጶስነት ተሹሞ ከ5 ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ ጽሞና የተመለሰው ማር ይስሐቅ፣ በጽሞና ለሚኖሩ የጨለማ ሰዓት እንደሚመጣባቸው፣ በዚያም ሰዓት ከበኣታቸው ሳይወጡ መታገሥ እንደሚገባቸው ያስተምራል። ፀሓይ በደመና ስትሸፈን ጠፋች አይባልም። እንዲሁም ራእይንና ልዩ ምልክትን አይሻ፤ በዚህ መንገድ ብዙዎች ስተዋል። የሚሰማውን ነገር ሁሉ ለንስሓ አባቱ ይንገር። መወደዱን በእውነት ማወቁ የሚመዘነው በሌሊት ባየው ብርሃን አይደለም፤ ጧት በቤቱ ለሚስቱ፣ ለልጆቹና ለአገልጋዩ በሚናገረው ቃል ነው።

7ኛ/ ለንስሓ አባቶች

ካህናት አባቶችና ወንድሞች ሆይ፤ ይህ ነገር የሚያሳስበን ከምእመናን ቍርባን ጋር ስለ ተያያዘ ነው። ሕፃናቶቻችን በተጠመቁበት ቀን ይቈርባሉ፤ ጐልማሶች ሲሆኑ ከቅዱስ ቍርባን ይርቃሉ፤ ብዙዎችም የሚመለሱት በሽምግልና፣ አንዳንዶቹም በሞት አልጋ ላይ ነው። ለምን ራቃችሁ ቢሏቸው፣ አልበቃሁም የሚል መልስ ይሰጣሉ። ይህ ቃል ትሕትና ይመስላል፤ በአንዳንዱም ዘንድ በእውነት ትሕትና ነው። በብዙዎች ዘንድ ግን ሥር ሰዶ የተቀመጠ ሌላ አሳብ አለ፤ እግዚአብሔር እኔን ሊቀበለኝ አይወድም የሚል ነው። ምሥጢሩ ያለ ንስሓና ያለ ዝግጅት እንደማይቀበሉት የታወቀ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዐትም ይጠበቃል። ነገር ግን ዝግጅት የሚባለው 50 ዓመት ከማዕዱ ርቆ መቆየት አይደለም።

እንግዲህ ተነሳሒ በፊታችን ሲንበረከክ የምንሰጠው ቀኖና ሁለቱንም ገጽ የያዘ መሆን አለበት። ስንት ቀን እንደሚጾም፣ ስንት ስግደት እንደሚሰግድ እንነግረዋለን፤ ይህ መልካም ነው። ከዚህ ጋር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የተጻፈውን የጠፋውን ልጅ አባት እናሳየው። ልጁ ከሩቅ አገር የተነሣው እንደ ሞያተኛ አገልጋይ ለመቈጠር አስቦ ነበር። አባቱ ግን ለዚህ አሳብ መልስ እንኳ አልሰጠም፤ ገና ከሩቅ አይቶ ሮጠ፤ ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ አዘዘለት፤ ፍሪዳውንም አሳረደ። ልጁ በደሉን ዐወቀ፤ ልጅነቱን ግን ረስቶት ነበር። ያን የረሳውን ያስታወሰው የአባቱ እቅፍ ነው። የንስሓ አባትም ሥራው ተነሳሒውን እስከዚያ እቅፍ ማድረስ ነው። በመንገድ ላይ በፍርሀት አስሮ ያስቀረው እንደ ሆነ ግን አደራውን በላ ማለት ነው፤ የጠፋው ልጅ በአባቱ ደጅ ውጭ እንዲያድር አድርጓልና።

ሄሮኒሞስ የተባለው የጥንት መምህር እንደ ጻፈው ዮሐንስ በኤፌሶን እጅግ ባረጀ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ደግፈው ወደ ጉባኤ ያመጡት ነበር፤ ረጅም ትምህርትም መናገር ስለ ተሳነው ልጆቹ እርስ በርሳቸው እንዲዋደዱ ብቻ ደጋግሞ ይመክር ነበር። ስለ ምን ይህን ብቻ እንደሚናገር ቢጠይቁት የጌታ ትእዛዝ ስለ ሆነና ይህ ብቻ ቢፈጸም በቂ ስለ ሆነ መሆኑን መለሰላቸው። በወጣትነቱ በማዕድ ላይ የተቀበለውን በእርጅናው ለሌሎች ሲያድል ኖረ።

እኛም የተጠራንበት ስም ይኸው ነው። ጧት ለጸሎት ስንነሣ ኀጢአተኞች መሆናችንን ሳንረሳ፣ የተወደድን መሆናችንንም ሳንጠራጠር እንቁም። ከማዕዱ የራቀም ቢኖር ወደ ንስሓ አባቱ ዛሬ ይሂድ፤ የሚጠብቀው አባት መሆኑን ይወቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።